ለእሁድ የተሞላች ኩስኩስት

«እሷን አታውጧት» አለች ነኢማ።

ጎረቤቷ ረሂማ ኩስኩስቷን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ለዙህር ሶላት ውዱእ የሚያደርጉበት ዕቃ አንሷቸው፣ ሴቶቹ በየጓዳው የተገኘውን ኩስኩስትና ጆግ እየለቀሙ ያወጡ ነበር።

«የሱ ናት እንዴ?»

«የሱ ናት።»

ረሂማ አረንጓዴዋን የላስቲክ ኩስኩስት ወደ ነበረችበት፣ ከበሩ ጀርባ መለሰቻት። እጀታዋ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ቀረ። ነኢማ ተነስታ ልታዞራት ፈለገች፤ ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ እንደሚያዩአት ስታስብ ተወችው።

ባሏ ዓሪፍ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አርብ ማለዳ ማንጎዎቹን ውኃ ሊያጠጣ ወርዶ፣ ቦዩ ዳር አካፋውን እንደያዘ ወድቆ ተገኘ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበረ። ጤና ጣቢያ ያሉት ደም ግፊት ነው አሉ። መንደራቸው ግራና ግን ለሰው ሞት ምክንያት ለማግኘት ሐኪም ጠይቃ አታውቅም፤ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ «የገደለው ያ ክስ ነው» ብላ ጨርሳ ነበር። ነኢማም አመነች። እንዲያ ማመኑ ሳይቀላት አልቀረም። ዝም ብሎ ቦይ ዳር ለወደቀ ሰው ከማልቀስ፣ ገዳይ ላለው ሰው ማልቀስ ይሻላል፤ ቢያንስ የምትጠላው ሰው ታገኛለህ።

የክሱን ነገር ከመርሳ እስከ ሐራ ያልሰማ የለም። ዓሪፍ የአካባቢውን ሰው ወክሎ ምክር ቤት ይቀመጥ ነበር። ምክር ቤቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት «የአባላቱን አቅም ለመገንባት» አምስት ሰዎች መርጦ፣ ቅዳሜና እሁድ ወልድያ እየሄዱ በመንግሥት ወጪ ዲግሪ እንዲማሩ ወሰነ። መራጮቹም ተመራጮቹም እነሱው ነበሩ፤ እጃቸውን ለራሳቸው አወጡ። አምና ክረምት ላይ ስሙ ያልታወቀ ሰው ሥነ ምግባርን ለሚከታተለው ቢሮ አቤት አለ። የአምስቱም ስም በጉባኤ ተነበበ፣ ትምህርታቸው ተቋረጠ፣ የወጣባቸውን እንዲመልሱ ታዘዘ። ዓሪፍ ሊመረቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ለክርስቲያኖቹ ድስቱን ማን ይጣደው?» አለች ዘሀራ ከጓዳ ብቅ ብላ። ዘሀራ የዓሪፍ ታላቅ እህት ናት፤ በነዚህ ቀናት ቤቱን ደግፋ የያዘችው እሷ ነበረች።

ጥያቄዋ ለወጉ ያህል ነበር። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ፣ መቃብሩን ተጋግዘው ይቆፍራሉ። ለሶደቃው የታረደው በሙስሊም እጅ ስለሆነ ግን ክርስቲያኖቹ አይበሉትም፤ ለእነሱ ሽሮ ለብቻው ይጣዳል። ይጣድ ብሎ ያዘዘ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሁሌም ይጣዳል።

«አይጣድ» አለች ነኢማ።

«ምን አልሽ?»

«ዛሬ ከነሱ የቀረው ንጉሴ ብቻ አይደለም? ንጉሴ እኔ ቤት እህል አይቀምስም።»

ዘሀራ ወደ ሴቶቹ ገልመጥ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተይ እንጂ ነኢማ። መቃብሩን የቆፈረለት ሰው ነው።»

«ሁለቴ ነው የቆፈረለት።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ተጠጋጉ። «ጠቋሚው እሱ ነው እኮ የሚሉት» አለች አንዷ። «እንዴ፣ የሱም ስም ተጠርቶ የለም?» አለች ሌላዋ። «እንዳይነቃበት ነዋ።» ንጉሴ ከአምስቱ ተማሪዎች አንዱ፣ የዓሪፍም የመንገድና የልብ ጓደኛ ነበር። ከአርብ ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የሚያናግረው ሰው ጥቂት ነው።

ነኢማ ሹክሹክታውን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ዛሬ እሁድ ነው፤ ልቧ እዚያ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዓሪፍ ቡናማ ኮቱን ይለብሳል። ያ ኮት የቅዳሜ ኮት ነበር፤ በሌላ ቀን ነክቶት አያውቅም። በባጃጅ መርሳ ይደርሳል፣ ከንጉሴ ጋር በሚኒባስ ወልድያ ይገባል፣ ቅዳሜን አንድ አልጋ ተከራይተው ያድራሉ። እሁድ ሲመሻሽ ነኢማ ኩስኩስቷን ትሞላና ደፉ ላይ፣ እጀታዋን ወደ መንገዱ አዙራ ታስቀምጥለታለች። ከድካም ጋር ሲመጣ እጁ ሳይዳብስ እንዲያገኛት ነው። እሱ የመንገዱን አቧራ ከእግሩ ሲያጥብ እሷ በሩን ተደግፋ ትጠይቀዋለች።

«ዛሬስ ምን ተማርክ?»

ይነግራታል። አባቱ ሲሞቱበት ከአሥረኛ ክፍል የቀረ ሰው ነው፤ ዲፕሎማውን በርቀት፣ እርሻውም ልጅ ማሳደጉም ሲፈቅድለት ብቻ፣ እየቆራረጠ ነው የጨረሰው። ትምህርት ሲያገኝ እንደተራበ ሰው ነበር። ጅዳ ያለችው ልጃቸው ሉብና ስትደውል እንኳ ስለ ጤናዋ ከመጠየቁ በፊት ስለ ፈተናው ያወራት ነበር።

አንድ እሁድ፣ «የአንድ ነገር ዋጋው የከፈልሽበት ብር ብቻ አይደለም» አላት። «እሱን መርጠሽ የተውሽው ነገር ነው ዋጋው።»

«እንግዲያ የትምህርትህ ዋጋ የኔ ቅዳሜ ነዋ።»

ኩስኩስቷን አስቀምጦ ሳቀ። «ወላሂ አንቺ ከኛ ክፍል ልጆች ቀድሞ ገብቶሻል» አላት። አሁን ጆሮዋ ያንን ሳቅ ነው የሚፈልገው። ይህ ሁሉ ሰው ተነስቶ ይሂድላትና አንዲት እሁድ ብቻ ትመለስላት፤ ያለፉትን ቅዳሜዎቿን አንዱንም አትጠይቅም ነበር።

ሴቶቹ ቦታ ሲለቁ ቀና አለች። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ኢብቲሳም ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ሰብር ይስጥሽ፣ ጀነት ያርገው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ለጎረቤት ከሚለቀሰው የበዛ ለቅሶ ነበር። ነኢማ ናት ያባበለቻት።

«አብሽሪ፣ በቃሽ።»

«ልነግራቸው ነበር እኮ» አለች ኢብቲሳም አፍንጫዋን እየጠረገች። «ትምህርቱ ዘንድሮ ደረሰኝ። ጋሽ ዓሪፍ ሳይሰሙ ቀሩ።»

ነኢማ እጇን ያዘቻት። አንድ እሁድ ደግሞ ትዝ አላት። ዓሪፍ እግሩን ሲታጠብ ቆየ፤ ውኃው አልቆ እንኳ አልተነሳም። ምን ተማርክ ስትለው፣ «ዛሬ የተማርኩት ሚኒባስ ላይ ነው» አላት። ኢብቲሳም አጠገቡ ተሳፍራ ነበር። የምክር ቤት ሰው መሆኑን ስለምታውቅ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀችው፤ ትምህርቷን እንድታሻሽል ተፈቅዶላት ዓመት በመጣ ቁጥር በጀት የለም ትባላለች። ዓሪፍ በጀቱ የት እንደገባ ያውቃል። እጁን ያወጣው እሱ ነው። «ያኔ የጠየቅሽኝ ዋጋ» አላት፣ «አንቺ ብቻ አይደለሽም።» ነኢማ ያን ቀን ደክሞታል ብላ እራት አቀረበች።

ከሶላት በኋላ ወንዶቹ ለዱዓ ተቀመጡ። ሸህ ኡበይደላ ለሟቹ፣ ለቤቱ፣ ለሰፈሩ፣ ለዝናቡ ዱዓ አደረጉ፤ ከድንኳኑም ከቤቱም «አሚን» ተባለ። ሊያበቁ ሲሉ ነኢማ ዘሀራን ልካ ወደ በሩ አስጠራቻቸው። እሷ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የምትቆይበት ዒዳ ላይ ናትና አትወጣም፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ነው ያነጋገረቻቸው። ድንኳኑ ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

«ምን ይደረግልሽ ልጄ?»

«ሸህ፣ ባሌን የከሰሰውን ሰው ዱዓ ያድርጉበት። እኔ ያየሁትን ይይ። አላህ ፊት ሲቀርብም ምሕረት አያግኝ።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩ። «አርብ መቃብሩ ላይ፣ ዓሪፍ ያስቀየመው ካለ አውፍ ይበለው ብዬ ለምኛለሁ። አንድ ሰው ሳይቀር አውፍ ብሎለታል። ላንቺም እሱ አይሻልሽም?»

«እኔ አውፍ አልልም።»

ይህንኑ ለዓሪፍም ብላው ነበር። ከክሱ በኋላ ቅዳሜ ሲደርስ ቤት ይውላል፤ ማንጎውን ሲያጠጣ ቀና እያለ የመርሳን መንገድ ያያል። አንጀቷ እያረረ አንድ ቀን፣ «ይህን ያደረገህን ሰው አላህ ያግኘው» ስትል እጇን ያዛት። «አትበይ። ነኢማ፣ ስለኔ ብለሽ አውፍ በይው» አላት። «መቼም አልልም!» ብላ እጇን ነጠቀችው። እሱም ዳግመኛ አላነሳባትም።

ሸህ ኡበይደላ ተነፈሱ። «የተበደለ ሰው ዱዓ ነው፤ እምቢ ለማለት እኔ ማነኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረብ፣ ዓሪፍን የከሰሰውን ሰው…»

«ሸህ፣ ይቆዩ።»

ንጉሴ ነበር። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ መሬት እየተጎተተ፣ በተቀመጡት ሰዎች መሃል አልፎ በሩ ላይ ደረሰ።

«የከሰስኩት እኔ ነኝ። ንጉሴ ብለው፣ በስሜ ጠርተው ይርገሙኝ። የከሰሰው ሰው ብለው ግን አይርገሙ። ይህን ብቻ ነው የምለምንዎ።»

ጥግ ላይ ያሉት ሴቶች ተያዩ። የነኢማ ስድብ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ራሱን አስረግሞ የሚያድነው ማንን ነው?

መጋረጃውን ገለጥ አደረገችው። «ማል» አለችው።

«በምን ልማል?»

«በዓሪፍ አፈር። በቆፈርከው አፈር ማልና እኔ ነኝ በል።»

ንጉሴ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ሄዶ ከበሩ ጀርባ ያለችው ኩስኩስት ላይ አረፈ። አልማለም።

ያኔ የአምና ክረምቱ አንድ ሰኞ መጣላት፤ ክሱ ገና ሳይሰማ። ዓሪፍ በሰኞ ቀን የቅዳሜውን ኮት ለብሶ መርሳ ጉዳይ አለኝ ብሎ ወረደ። ትከሻውን በእጇ እያራገፈች «ዛሬ ሰኞ መሆኑን ረሳኸው?» ብላ ስቃበት ነበር። ሲመለስ እንደዚያ ቀን በልቶ አያውቅም፤ ቶሎም እንቅልፍ ወሰደው። ነኢማ መቃኑን ያዘች። ሦስት ቀን ሙሉ ስትረግመው የሰነበተችው ሰው በርቶ ታያት። በራሱ ላይ ሊከስ፣ በኮቱ፣ ብቻውን ሄዶ። እሷን ደግሞ አውፍ በይኝ ብሎ ለምኗት፣ እጇን ነጥቃው።

ስታለቅስ የሰማት የለም፤ ቃሏ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ሸህ፣ ንጉሴ አይደለም።»

«ማነው ታዲያ ልጄ?»

«አውፍ ያልኩት ሰው ነው። ዱዓውን ለሱ ያድርጉለት። ቀብሩን ያስፋለት ይበሉልኝ።»

ቀብር ስትል ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። ብዙ ነገር ያዩ ዓይኖች ናቸው፤ አልጠየቁም። እጃቸውን እንደገና ዘረጉ፣ ድንኳኑም ለማን እንደሆነ ሳያውቅ አሚን አለ።

ነኢማ ወደ ጓዳ ዞረች። «እትዬ ዘሀራ፣ ሽሮውን ጣጂልኝ።»

«ሲንተከተክ ቆየ» አለች ዘሀራ። ለካ አልታዘዘቻትም ነበር።

ምሳው ለንጉሴ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠለት። ነኢማ አረንጓዴዋን ኩስኩስት ከበሩ ጀርባ አነሳችና ለዘሀራ ሰጠቻት፤ ዘሀራ እጁን አስታጠበችው። ንጉሴ የኩስኩስቷን አንገት እያየ ቀስ ብሎ ታጠበ።

«ሲሄድ ታውቅ ነበር?» አለችው ነኢማ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«አብሬው ነበርኩ። ቢሮው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።»

«ያንተንም ስም ሲሰጥ?»

«ጠይቆኝ ነው የሰጠው። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ኋላ ግን እውነቱን ነው አልኩ። ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁለት።»

«ለኔስ? ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

ንጉሴ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀመጠው። «ሊነግርሽ ነበር። በመጣ ቁጥር እሁድ ማታ እነግራታለሁ ይለኛል። እሁድ ማታ ስትጠይቂው መመለስ ለምዶ ነበርና፣ አንድ ቀን ምን ተማርክ ትለኛለች፣ ያኔ እነግራታለሁ ይል ነበር።»

ነኢማ ትምህርቱ ከተቋረጠ ጀምሮ ጠይቃው አታውቅም። ቁስሉን እንዳልነካበት ብላ ነው።

ሲመሻሽ ድንኳኑ ጎደለ። ንጉሴ የመርሳ ባጃጅ እንዳያመልጠው ተነሳ፤ ሄዶም ሁለቴ ዞሮ አየ። ሴቶቹ ሳህን አጥበው ተሰነባበቱ። ዘሀራ ጓዳውን ጠርጋ ስትጨርስ በሩን ልትዘጋ መጣች።

ነኢማ ከጀሪካኑ ውኃ እየቀዳች ነበር። ኩስኩስቷን እስከ አፏ ሞላቻት፣ ደፉ ላይ አስቀመጠቻት፣ ትንሽ አሰበችና እጀታዋን ወደ መንገዱ አዞረችው።

«ልዝጋው?» አለች ዘሀራ።

«ትንሽ ይቆይ» አለች ነኢማ፤ በሩንም ተደግፋ ቆመች።