ሴፍቲ፣ ሴኩሪቲና የቆመው ሊፍት

የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ሥልጠና ሄዶ ሁለት ቃል ይዞ ተመለሰ። ሁለት ቃል ብቻ! ሌላው ሰው ከመንገድ ሲመለስ ለልጆቹ ከረሜላ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ሴፍቲና ሴኩሪቲ ይዞ መጣ።

እስከዚያ ድረስ በሕንፃው ምድር ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በሯ ላይ «ደህንነት» ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይሠራሉ። አንደኛው ቢጫውን የራስ ቁር ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ስለማያወልቅ ሄልሜት ይሉታል። ሁለተኛው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት ስለሚያንጠለጥል ቁልፌ ይባላል። እሳት ማጥፊያውን አብረው ይፈትሻሉ፣ በሮቹን አብረው ይዘጋሉ፣ ምሳቸውን አብረው ይበላሉ። ምሳውን የምታመጣላቸው የአንዱ ሚስት፣ የሌላው እህት ናት፤ አንድ ሳህን ለሁለት። ስንት ዘመን ሲሠሩ አንድም አደጋ ደርሶ አያውቅም። ሥራቸውን ያውቁበታላ!

ሥራ አስኪያጁ ጠራቸው። «ሴፍቲ ማለት ሳይታሰብ ከሚመጣ ነገር መጠበቅ ነው። ሴኩሪቲ ደግሞ ሰው አስቦበት ከሚያመጣው። እኛ ደባልቀነው ኖረናል!» አላቸው። ሁለቱም አፍረው አንገታቸውን ደፉ፤ ምኑን እንደደባለቁት ግን አልገባቸውም።

በማግሥቱ ክፍሏ በጣውላ ለሁለት ተከፈለች። ጉድ በሉ፣ ጠረጴዛውም በመጋዝ ተቆረጠ! ለየግማሹ ሁለት ሁለት እግር ብቻ ስለቀረው እያንዳንዳቸው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። ሄልሜት ሴፍቲ፣ ቁልፌ ሴኩሪቲ ሆኑ፤ መሰላሉ ለሴፍቲ፣ ቁልፉ ሁሉ ለሴኩሪቲ ደረሰ። «እስከ ወሩ መጨረሻ አያለሁ፤ ምንም ጉዳይ ያልገጠመው ክፍል ይዘጋል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሄልሜት እንቅልፍ አጣ። ደግ ሰው ነበር እኮ! አሁን ግን ሰው ደረጃ ላይ ባዳለጠው ብሎ መመኘት ጀመረ። ከጣውላው ማዶ ቁልፌ ሌባ ይናፍቃል። ወንድሜ፣ ወንድሜ ይባባሉ የነበሩት ሰዎች አቶ ሴፍቲና አቶ ሴኩሪቲ ተባባሉ።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ሊፍቱ በአንደኛና በሁለተኛ ፎቅ መካከል ተገትሮ ቀረ። ከውስጥ ሰው በሩን ይደበድባል። ሄልሜት መሰላሉን ተሸክሞ ሲሮጥ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለውና፣ ደስታው ልክ አልነበረውም።

«የኔ ነው!» አለ።

ቁልፌም እያንቃጨለ ደረሰ። «የኔ ነው እንጂ! ሰው አቁሞት ቢሆንስ? ተጣርቷል?»

«ኧረ ክፈቱልኝ!» አለች ከውስጥ ያለችው።

ሄልሜት ክው አለ። ሚስቱ ናት። ባሏን ክፍሉ ውስጥ ብታጣው ምሳውን ይዛ ወደ ላይ ልትፈልገው ወጥታ ኖሯል። መሰላሉን ሊያቆም ብድግ አለ፤ ግን ያለ ቁልፌ ቁልፍ በሩ አይከፈት፣ ያለ እሱ መሰላል በሩ ላይ አይደረስ። ይህን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ እጁን እያፋተገ መጣ።

«በጣም ጥሩ! አሁን ልዩነቱ ይታያል። ጉዳዩ የማን እንደሆነ ሳይለይ ማንም እንዳይነካው። የሴፍቲ ከሆነ ሴኩሪቲ ይዘጋል፤ የሴኩሪቲ ከሆነ ሴፍቲ።»

ሄልሜት ቀና ብሎ «የኔ እመቤት፣ ራሱ ነው አይደል የቆመው? ራሱ ነው በይ!» አላት።

«እታለም፣ በደንብ አስታውሺ፣ አንድ ክፉ ሰው አላቆመብሽም?» አለ ቁልፌ።

«የሚሰማሽ ፍርሃት ነው ወይስ ስጋት?» ብሎ ጠየቀ ሥራ አስኪያጁ።

«ረሃብ!» አለች። የሳህኑ ክዳን ሲከፈት ተሰማ። «ምሳችሁን እየበላሁላችሁ ነው።»

ትንሽ ቆይታ «ራሱ ቆመ ካልኩ ወንድሜ ይባረራል?» አለች።

«አዎ።»

«ሰው አቆመው ካልኩ ደግሞ ባሌ?»

«በትክክል! ገብቶሻል!» አለ ሥራ አስኪያጁ በደስታ።

ሄልሜትን ከቁሩ ሥር ላብ አጠመቀው። እኔን ትታ ወንድሟን ትመርጣለች ብሎ ፈራ። ቁልፌም በበኩሉ ጥፍሩን ይበላል።

«በሉ ስሙ» አለች። «ሊፍቱ ራሱ ቆመ፤ ይኼ የባሌ ነው። እናንተ ስትነታረኩ ተመልሶ ሊነሣ ሲል ቀይዋን ማቆሚያ ተጭኜ ይዤዋለሁ። ሆን ብዬ፣ አስቤበት! ይኼ ደግሞ የወንድሜ ነው። አሁን ሁለታችሁም አውርዱኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። «ሁለቱም ክፍሎች ይቀጥላሉ!» ብሎ ወደ ቢሮው በደረጃ ወጣ። ሄልሜትና ቁልፌ ከስንት ጊዜ በኋላ ተቃቀፉ። መሰላሉ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፤ ባዶ ሳህኗን ይዛ ወረደች። ሁለቱም ጥርስ በጥርስ ሆነው ሊያመሰግኗት ተሽቀዳደሙ።

እሷ ሳህኑን ለባሏ አስጨበጠችው። «ይኼን ሁሉ ስትጠይቁኝ ዋላችሁ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «አንዳችሁ እንኳ ደህና ነሽ ወይ አላላችሁኝም።»

ቁልፌ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እሷ መንገዷን ቀጠለች። ሄልሜት ቢጫ ቁሩን አውልቆ ጥሎ ተከተላት፤ የግቢው በር ላይ ደረሰባት።

«ደህና ነሽ?» አለ እያለከለከ።

«አሁንማ ወጣሁ እኮ» አለችው። ሳህኑን እንኳ ሳትቀበለው ሄደች።