አርባ አንደኛው ውህድ

ሃይለአብ የአርባ አንደኛውን ውህድ ብልቃጥ ከላቦራቶሪው ፍሪጅ እንደወሰደው ሜቲ ያወቀችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ቁልፉ ያለው በሁለቱ እጅ ብቻ ነበር። ደወለችለት፤ ዘጋባት። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ዘጋባት።

ሁለቱ ካዛንቺስ በተከራዩት ቢሮ ሦስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የሚፈልጉት የጉበት ቫይረስን የሚገታ መድኃኒት ነበር። ሜቲ የቫይረሱን ፕሮቲን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ውህዶች የትኛው አጥብቆ እንደሚይዘው ታጣራለች፤ ሃይለአብ የተመረጡትን ሠርቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሞክራል። አርባ አንደኛው ውህድ ከሁሉም በለጠ። ያን ቀን ጮኸው ተቃቀፉ። በወሩ የሕዋስ ሙከራው ውጤት መጣ። ውህዱ ቫይረሱን አጥፍቷል፤ የጉበት ሕዋሶቹንም አብሮ ገድሏል።

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሷ "በቃ፣ ይቅር" ስትል እሱ "መጠኑን እንቀንሳለን" ይላል።

"ቀንሰን አይተነዋል እኮ።"

"አንቺ ምን ቸገረሽ፤ የሚሞትብሽ ሰው የለሽም" አላት አንዴ፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ። ታላቅ እህቱ ጽገረዳ በዚሁ ቫይረስ ጉበቷ ተጎድቶ ቂርቆስ እናታቸው ቤት ተኝታ ነበር።

ሜቲ ታክሲ ይዛ እዚያው ሄደች። ቀደም ሲል ጽገረዳን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር ቤቱን ታውቀዋለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ጽገረዳ ዓይኖቿ ቢጫ ሆነው ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሃይለአብ መርፌ እየሞላ ነው።

"ውጪ!" አለ ሜቲን ሲያያት።

"መጀመሪያ እውነቱን ንገራቸው።"

"ውጪ ብዬሻለሁ! ኮምፒውተሩ አንደኛ አውጥቶታል ብለሽ የጨፈርሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የቫይረሱን ፕሮቲን ብቻ ነው። የእሳቸውን ጉበት አያውቅም።"

"የቱን ጉበት? አልቋል እኮ! ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዳት አሉኝ!"

የሜቲን ክንድ ይዞ ገፋት፤ ትከሻዋ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። ሜቲ መቃኑን ጨብጣ ቀረች።

"እትዬ ጽገረዳ፣ ይሄ ነገር የጉበት ሕዋስ ይገድላል። ሞክረነዋል። እሱም በዓይኑ አይቷል።"

ጽገረዳ ግን የምታየው ወንድሟን ነበር።

"ወደ ቤት ውሰዳት ማለታቸውን መቼ ነገርከኝ?"

ሃይለአብ ዓይኑን ወደ መርፌው መለሰ።

"መድኃኒቱስ? እሷ ያለችው እውነት ነው?"

"መጠኑን ከቀነስነው..."

"እውነት ነው ወይ፣ ሃይልዬ?"

አንገቱን ደፋ። ጽገረዳ እጇን ዘረጋች፤ መርፌውን ሰጣት። እሷም ብልቃጡን ጨምራ ለሜቲ አቀበለቻት።

"ይዘሽው ሂጂ" አለቻት። "ሁለተኛም እዚህ ቤት እንዳላይሽ። መሞቴን በጩኸት ነው ያሰማችሁኝ፤ አንቺም እሱም።"

ጽገረዳ በአሥራ ሰባተኛው ቀን አረፈች። ሜቲ ለቀብር ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከሰው ኋላ ቆመች። ሃይለአብ አያት። በማግስቱ ቢሮ መጥቶ ዕቃውን በካርቶን ሰበሰበ።

"አሥራ ሰባት ቀን" አለ ከበሩ ላይ። "ያተረፍሽላት እሱን ነው።"

ሜቲ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ከሰው ጉበት ፕሮቲኖች ጋር የሚጣበቀውን ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲጥል ማጣሪያውን እንደገና ጻፈችው። ይህን ቀድማ ማድረግ ነበረባት፤ ያንን ለራሷ ደጋግማ ነግራታለች። ከወራት በኋላ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሰላም አለችው። ሃይለአብ መንገዱን ተሻገረ።