ድምፅ የሚሸፍን ስፒከር

አሮጌው ስፒከር ተቃጠለ። መቃጠሉስ ባልከፋ፤ የተቃጠለው ግን ባልየው ሙዚቃውን አስጩኾ ሚስቱን በቀበቶ ሲገርፍ ነው። ዘፈኑ ድንገት ሲቋረጥ የእሷ ጩኸት ብቻውን ቀረና ጎረቤት በር አንኳኳች። ባልየው ላቡን ጠርጎ ከፈተላትና፣ "መጋረጃ ስትሰቅል ከወንበር ወድቃ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ" አላት። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ማለት እሱ ነው። ጎረቤቲቱም አምና ይሁን ፈርታ ተመለሰች።

"ለሳሎኑ አዲስ እንገዛለን። መጥተሽ ምረጪ" አላት ሚስቱን ቅዳሜ።

ሚስትየዋ ምርጫው የማን እንደሆነ አላጣችውም። የተሰበረው ጎኗ ስትተነፍስ ይወጋታል። ከአሮጌው ይበልጥ የሚጮህ ስፒከር ቤቷ ከገባ እዚያው ሳሎን ውስጥ እንደሚገድላት፣ ማንም እንደማይሰማ ልቧ ነግሯታል።

ሱቁ ሰው በሰው ነበር። ሻጩ ትንንሾቹን ሲያሳይ ባልየው በአንድ እጁ ገፋቸው፤ በሌላው የሚስቱን ክንድ ጨምድዷል።

"እነዚህ ጥራት አላቸው፣ ጋሼ። የዘፋኙ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል።"

"ጥራቱን ተወው። ሰው ቢጮህ ይሸፍናል ወይ?"

ሻጩ ድግስ ያሰበ መስሎት ሳቀ። "እንኳን ሰው፣ ሰፈር ቢጮህ አይሰማም" አለና ወገብ የሚደርሱትን ጥንድ ከፈተ። የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

"እስቲ ጩኺ" አላት ባልየው ጆሮዋ ሥር፣ ክንዷን እየጠመዘዘ። ጮኸች። የገዛ ጩኸቷ ለራሷም አልተሰማትም። እንደዚያ ቅጽበት ፈርታ አታውቅም። ባልየው ግን ዓይኑ በርቶ፣ "ይኼን ጠቅልልልኝ" አለ።

ሻጭ ገዢ ካገኘ ማቆሚያ የለውም። "ማይክም አለው እኮ!" ብሎ ዘፈኑን አጠፋና ማይኩን እጇ ላይ አኖረላት። "ሞክሪው፣ እህቴ።"

"ይኼ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው" አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ድምፁ ግን በሩን አልፎ መንገዱን ተሻገረ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ። ባልየው ሰው መሃል መሆኑን ዘንግቶ በቡጢ አፏን አላት። ጥርሷ ሲሰበር ድምፁ በስፒከሩ ወጣ። ወድቃም ማይኩን አለቀቀችም። በጫማው ጎኗን ሲረግጠው ያም ተሰማ፤ ከሆዷ የወጣው ድምፅም ተሰማ። ሻጩ ከኋላ አንገቱን አነቀው፤ ከመንገድ የገቡት ደግሞ መሬት ላይ ደፍተው ጀርባው ላይ ተቀመጡበት።

"ሚስቴ ናት! ምን አገባችሁ?" ይላል፣ አፉ ወለሉ ላይ ተደፍቶ።

አንዲት ትልቅ ሴት በነጠላዋ ጫፍ የሚስትየዋን ደም እየጠረገች፣ "በቃ ልጄ፣ ስጪኝ ይኼን" ብላ ማይኩን ያዘች።

"አልጨረስኩም፣ እማማ" አለች። ደሟን ተፋችና፣ ከተጋቡበት ሳምንት ጀምራ መናገር ቀጠለች። ዘፈን የከፈተባት ሰው አልነበረም።