ለጓድ ማዕረግ ልብስ ስመርጥ

የደባርቁ ካድሬ ጓድ ማዕረግ ከወንድሜ ፈረስ ጋር ፎቶ መነሳት ባማረው ጊዜ ልብስ እንድመርጥለት ያስጠራው እኔን ነው። ደባርቅ ውስጥ ሌላ ልብስ ሰፊ ጠፍቶ አይደለም። ፈረሱ ከእኔ በቀር ሰው አያስጠጋም፤ አንዱን ጠባቂ ነክሶታል፣ ሌላው ከተረገጠ ወዲህ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ደግሞም እኔን ማዘዝ ደስ ይለዋል። ቢራራን ያስገደለው እሱ መሆኑን እንደማውቅ ያውቃል፤ ይህን እያወቀ «አገርነሽ፣ ነይና አሳምሪኝ» ማለት ያስደስተዋል።

ወንድሜ ቢራራ በጥምቀት ጉግስ ሲጫወት ከደባርቅ እስከ ኮሶዬ የሚወራለት ፈረሰኛ ነበር። በቀይ ሽብሩ ዓመት ለሽፍታ ስንቅ አቀበልክ ብለው ከገበያ መሀል ወሰዱት፤ አስከሬኑን እንኳ አልሰጡንም። በዚህ ቢበቃው ምን ነበረ! ጓድ ማዕረግ ደጃችን ድረስ መጥቶ ለጸረ አብዮተኛ እንደማይለቀስ፣ ጥቁር የለበሰና ደረት የመታ እንደሚታሰር ነግሮን ሄደ። ሲሄድም ዳማውን ፈረስ አስጎትቶ ወሰደው። እናቴ ገበያነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቢመጣ ስለ ገብስና ስለ ውርጭ አውርቶ ይሄዳል፤ ነፍስ ይማር የሚል የለም። እኔ ግን ቢራራን በአደባባይ ሳላስለቅስለት እንደማልሞት ምዬ ነበር።

እኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱም ለቅሶ ይወጣል። ዕቃው ሁሉ ይጫንለታል፤ በባዶው ኮርቻ ላይ የሟቹ በርኖስ ተገልብጦ ይደረብበታል፤ ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፍቶ ይንጠለጠላል። ከሟቹ የቅርብ ሰዎች አንዱ ራሱን ገልጦ፣ ኩታውን ወገቡ ላይ አገልድሞ፣ ልጓሙን ይዞ በለቅሶው ሜዳ ያዞረዋል። ሕዝቡ በፈረሱ ውስጥ ሰውየውን አይቶ ያለቅሳል። ለቢራራ ይህ አልተደረገለትም።

ጓድ ማዕረግ ትውልዱ መንዝ ነው፤ ዳዴ ሳይጨርስ ግን አጎቱ አዲስ አበባ ወስዶ አሳድጎታል። ፈረስ የሚያውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ቤቱ ስገባ አልጋው ላይ ካኪውን፣ ቆቡን፣ ጥቁር መነጽሩን ደርድሮ እንደ ሙሽራ ይቁነጠነጣል። ፎቶው ለአብዮት በዓል በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። አንዱን ደግሞ «አንድ ቀን እንኳ አምሮብህ ልይህ» እያለች ለምትለምነው ለእናቱ እንደሚልክላት ነገረኝ። የእኔ እናት ልጇን የምታይበት አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። ሥራዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ካኪውን አስጣልኩት። ካኪና ዳማ ፈረስ በፎቶ አንድ ላይ ጭቃ እንደሚሆኑ፣ ሰው ፈረሱን አይቶ እሱን ፍለጋ እንደሚገባ ነገርኩት። ነጭ እጀ ጠባብ ሳለብሰው ከሰፊው ሕዝብ ጋር የቆመ መሪ ይመስላሉ አልኩት፤ ይህን ወደደው። ቆቡ ዓይኑን እንደሚያጨልምበት ስነግረው አውልቆ ወረወረው። ወገቡ የቀጨጨ ስለሆነ ኩታውን እዚያው ላይ ቢያገለድም ሞላ እንደሚል አስረዳሁት። መስታወቱ ፊት ወዲህና ወዲያ ዞሮ ራሱን አየና እውነትሽን ነው አለኝ። እውነቴን ነበር፤ አንድም የዋሸሁት የለም። አምሮበት ሳየው አንጀቴ አረረ።

ነጠላ አዘቅዝቄ ላለብሰው ምን ያህል እንደቃጣኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ነጠላ ማዘቅዘቅን አዲስ አበባም ያውቁታል፤ እዚያም ሰው ይሞታል። ስለዚህ የከተማ ሰው በማያውቀው ወግ ብቻ ሄድኩበት። ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ልነሳ ሲል እግሩ አጭር ሆኖ እንደሚታይ ነገርኩት፤ ፈረሱን ስለሚፈራ ምክሬን እንደ ምሕረት ተቀበለው። ጠመንጃውን በእጁ ቢይዝ ፈረሱ እንደሚደነብር፣ ከኮርቻው ላይ ቢንጠለጠል ግን ግርማ እንደሚሰጥ ነገርኩት። ኮርቻው ስለተቦጨቀ ደግሞ መሸፈኛ ከቤቴ ላምጣ አልኩት። ይሁንልሽ አለ።

መሸፈኛው የቢራራ በርኖስ ነው። እናቴ ጎታ ውስጥ ከገብሱ ሥር ቀብራው ነበር። ያሰብኩትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፤ ቢነቃብን እኔም እሷም እንደማንተርፍ ጭምር። ከዚያ ተነስታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ገብሱ ውስጥ ከተተችና በርኖሱን አወጣችልኝ።

«መገልበጡን እንዳትረሺ» አለችኝ።

ፎቶው የተነሳው ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ካለው ሜዳ ላይ ነው። ፎቶ አንሺው አለነ ከዳባት መጥቷል። ዳማውን ጫንኩት፤ በርኖሱን ገልብጬ ባዶው ኮርቻ ላይ ደረብኩት፤ ጠመንጃውን ደፍቼ አንጠለጠልኩት። ያ ማንንም የማያስጠጋ ፈረስ የበርኖሱን ጠረን ሲያገኝ አንገቱን ዞሮ አፍንጫውን እጥፋቱ ውስጥ ወሸቀና ፈዝዞ ቆመ። ጓድ ማዕረግ ራሱን ገልጦ፣ ኩታውን አገልድሞ፣ ልጓሙን ያዘ። አለነ ካሜራው ውስጥ አይቶ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንዲህ እንዳለ ላንሳው?» አለኝ።

«እንዲህ እንዳለ አንሳው።»

ሳይነገረው የራሱን ባርኔጣ አውልቆ መሬት ላይ አኖረ። ጓድ ማዕረግ በበኩሉ ፈገግ ልበል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«አይ፣ ኮስተር ሲሉ ነው የሚያምርብዎት» አልኩት።

ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታጥቦ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ለስብሰባ በጡሩምባ ተጠርቶ የማይመጣ ገበሬ ሳይጠራ ይመጣ ጀመር። ሴቶቹ እፊቱ ይቆሙና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ይወጣሉ። ከጊች የወረዱ ሽማግሌዎች ቆባቸውን አውልቀው አንድ ቃል ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ጓድ ማዕረግ ሕዝቡ በአብዮቱ ልቡ ተነካ እያለ ለበላዮቹ ያወራ ነበር። በሳቅ ልፈነዳ ደርሼ አውቃለሁ። ግን አልረካሁም፤ ዝም ብሎ የሚለቀስ ለቅሶ እኛም ቤት ሞልቶናል። የወንድሜን ስም ጮኾ የጠራ ገና የለም።

ከዚያ ፎቶው መንዝ ደረሰ። ተሸክሞ የሄደው ሹፌር ለእናቱ ለወይዘሮ ድንቅነሽ ሲሰጣቸው ምን እንደሆኑ ኋላ ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ወጉ መንዝም አለና ልጃቸው የሟች ፈረስ ስቦ ሲያዩ ሳይነግራቸው አግብቶ አማት ወይም ባልንጀራ የሞተበት መሰላቸው፤ ሰው ለባዕድ እንዲህ አይቆምማ። ልጄ ሐዘን ላይ ሆኖ ቤቴ አልቀመጥም ብለው ጥቁር ለብሰው ለቅሶ ሊደርሱ ተነሱ። ደባርቅ ከአውቶቡስ እንደወረዱ ፎቶውን ከጉያቸው አውጥተው የዚህ ፈረስ ባለቤት ቤቱ የት ነው ብለው ጠየቁ። የገበያ ቀን ነበር። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሽንኩርቷን ጥላ ተነሳችና እየመራች ወደ እኛ ቤት አመጣቻቸው። ገበያውም ተነቅሎ ተከተላቸው።

ግቢያችን ገብተው እናቴን ፊት ለፊት አገኟት።

«የሞተው ምንሽ ነው፣ እኅቴ?»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ልትይዝ እጇን አነሳች። መልሳ አወረደችው።

«ልጄ ነው። ቢራራ ነው።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ አንገቷን አቅፈው «ወይ ቢራራ፣ የማላውቅህ ልጄ!» ብለው ጮኹ፤ ደረታቸውን መቱ። የመጣው ገበያ ሁሉ ተቀበላቸው። ስንት ወር የታፈነ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። እኔም ደረቴ እስኪያብጥ መታሁ። ስሙን እየጠራሁ ነበር።

ጩኸቱን ሰምቶ ጓድ ማዕረግ ታጣቂዎቹን አስከትሎ መጣ። በሩ ላይ ሽጉጡን መዝዞ ነበር። እናቱን በጥቁር ልብስ፣ ፊታቸው ተነጭቶ ደም ሲወርደው ሲያይ ክንዱ ወደ ታች ወደቀ። ታጣቂዎቹ ማንን እንያዝ በሚል ዓይን አዩት። እነሱም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ማልቀስ ጀምሯል። ጓድ ማዕረግ እኔን አየኝ። አዳራሹ ላይ ምን እንደሰቀለ ያን ጊዜ ገባው፤ ሲገባው አየሁት። ዓይኔን አልሰበርኩለትም።

እናቱ ክንዱን ይዘው ወደ መሀል ጎተቱት፤ ራስህን ግለጥ እንጂ፣ በወዳጅህ ለቅሶ እንደ ባዕድ ትቆማለህ ወይ ብለው ተቆጡት። ቆቡን አወለቀ። ወይዘሮ ድንቅነሽ እንባቸውን ጠርገው፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው፣ ወደ እኔ ዞረው ጠየቁ።

«ለመሆኑ ልጃችንን ምን ገደለው?»

«ልጅዎ ያውቃል» አልኳቸው። «እሱ ይንገርዎት።»