የመርከበኛው ስልክ

ሳቁ ከሳሎን ሲፈነዳ ወጥ ቤት ቆማ የአማቷን ክኒን እየከፈለች ነበር። ለደም ግፊቱ ግማሽ፣ ለጉልበቱ ሙሉ። ቢላዋው ክኒኑ ላይ እንዳለ ቀረ። እዚያ ማዶ፣ ከጎረቤት በተዋሷቸው ወንበሮች ላይ፣ የባሏ ፎቶግራፍ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሰው እየሳቀ ነው። ያውም ሆድ የሚያስይዝ ሳቅ። ወዲያው አንዱ "እሽሽ" አለና ጸጥ አሉ፤ አስተማሪ እንደገባባቸው ተማሪዎች።

በሩ ላይ ስትደርስ ሁለቱም ብድግ አሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አብረውት የጨረሱ የባሏ ጓደኞች ናቸው። አንደኛው ወፍራም ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሌላው ሆስፒታል የሚሠራ የማደንዘዣ ሐኪም። ከቀብሩ ማግስት ጀምረው በየቀኑ ይመጣሉ፤ እስከ ዛሬ ግን "እግዜር ያጽናሽ" ከማለት በቀር ድምፃቸው አልተሰማም ነበር።

"ይቅርታ፣ እህቴ" አለ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። "ሬዲዮን አንስተን ነው። አመለጠን።"

"የምን ሬዲዮ?"

ሁለቱ ተያዩ።

"ባልሽን ነዋ። ሬዲዮ ነበር የምንለው። ሰው ሁሉ እሱ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው። ዳይሬክተሩን ስትፈልጊ ዳይሬክተሩ፣ የሒሳብ አስተማሪውን ስትፈልጊ የሒሳብ አስተማሪው። አልነገረሽም እንዴ?"

ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጣቷ ላይ የክኒኑ ዱቄት ነበር።

እሷ ያገባችው ቀያሽ ነው። ቀን መሬት ሲለካ ውሎ ማታ ጫማውን በር ላይ አራግፎ የሚገባ፣ "እንዴት ዋልሽ" ብሎ መልሱን በጥሞና የሚያዳምጥ፣ ከዚያ በላይ የማይጨምር ሰው። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም፤ ደግ ቃልም እንደዚያው። የሞተውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ከመለኪያ መሣሪያው እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ድንጋይ ተደግፎ አገኙት። የሥራ ጓደኞቹ ያረፈ መስሏቸው ምሳቸውን በልተው እስኪጨርሱ አልጠሩትም። ዝም ማለቱን ለምደውታል። ጠዋት ደህና ወጥቶ የሄደ ሰው እንዴት እንደማይመለስ ብዙ ሰው ሊያስረዳት ሞክሯል፤ ቃሉ ግን ጆሮዋ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ይኼ።

"አንድ ቀን" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ አለማስቆሟን አይቶ በመደፋፈር፣ "ኮሪደር ላይ ሆኖ በዳይሬክተሩ ድምፅ 'ውሃ ስለጠፋ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ' አለ። ትምህርት ቤቱ ወና ሆነ። ዘበኛው በሩን ቆልፎ ሄደ። ምክትል ዳይሬክተሩም ሄደ። እውነተኛው ዳይሬክተር ብቻውን ግቢ ውስጥ ተቆልፎበት ዋለ።"

"የትንቢቱን ቀን ንገራት" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

"የትንቢቱ ቀን የመጨረሻው ቀን ነው። አስተማሪ የለም። እያንዳንዱ ዴስኩ ላይ ወጥቶ አጠገቡ ለሚቀመጠው ልጅ የወደፊቱን ይተነብያል። ሕጉ አንድ ነው፤ የተባልሽውን መከራከር የለም። 'ተቀብያለሁ' ብሎ መቀመጥ ብቻ። እኔ ክርክር እወድ ስለነበር 'ይኼ ሰው አለቃውን እየተከራከረ ከየሥራው ይባረራል' ተባልኩ። አሁንም ቀኑን ሙሉ ስከራከር ነው የምውለው። ምላጭ ስለያዝኩ ግን ሰው ሁሉ ይስማማል።"

"እኔ እንቅልፋም ነበርኩ" አለ ሐኪሙ። "ክፍል ውስጥ ነቅቼ የዋልኩበት ቀን የለም። 'የሌሊት ዘበኛ ይሆንና ተኝቶ ራሱን ይሰርቁታል' አሉኝ።"

"ይኸው ሌላውን እያስተኛ እሱ አፍጦ ያድራል።"

ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግ ማለቷ አስደነገጣትና ከንፈሯን ሰበሰበች።

"ለእሱስ ማን ተነበየ?"

"ወንድሙ ነዋ፣ መርከበኛው። ሬዲዮ ታሞ አንድ ዓመት ስለቀረ ታናሹ ደረሰበትና አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሬዲዮ ወጣ። ወንድሙ አውቶቡስ ገና ሞተር ሲያስነሳ የሚያስመልሰው ልጅ ነበር፤ ሽርሽር ስንሄድ ፌስታል ተሸክመንለት ነው። ሬዲዮ በዳይሬክተሩ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገና 'ይኼ ልጅ መርከበኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያስመልሰው ባሕሩን ነው' አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። ያ ግትር 'ተቀብያለሁ' አለ። የምሩን ነበር ለካ። ሄዶ መርከብ ላይ ተቀጠረ።"

"ለእሱስ ምን ተባለ?"

ፀጉር አስተካካዩ ሊመልስ ቀና ሲል ዓይኑ ፎቶግራፉ ላይ አረፈ። "ተይው፣ የልጅ ነገር ነው።"

"ንገረኝ።"

"'ይኼ ልጅ የራሱን ድምፅ ማንም ሳይሰማለት ይሞታል' ነው ያለው።"

ማንም አልሳቀም። ጥጉ ላይ፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቦታቸው በሆነው ወንበር ላይ የተቀመጡት አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"መርከበኛውስ ተነገረው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን ለመቀየር።

"ቁጥሩ የለኝም፤ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚደውለው። ነገ እሁድ አይደል፣ መደወሉ አይቀርም። እኔው እነግረዋለሁ።"

የሐኪሙ ቡና ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነበር። አልተነሳም፣ አላራገፈውምም። እሷን ያያት ነበር።

*

ባሏ በሕይወት ሳለ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ "ቢሮ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ሲወጣ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ይጮኽ ነበር። አማቷ ያነሳሉ፣ ጥቂት ያወራሉ፣ ከዚያ እጀታውን ይዘረጉላታል። "እንቺ፣ አናግሪው።" በዚያኛው ጫፍ በዓይኗ አይታው የማታውቀው መርከበኛው ዋርሳዋ አለ፤ ከጀርባው የባሕር ነፋስ ያፏጫል።

"ዋርሳዬ፣ ያ ድንጋይ ወንድሜ አለ?"

"ቢሮ ሄዷል።"

"በእሁድ? መሬቱ እንዳይሸሽበት ሊጠብቅ ነዋ።"

የመርከቡን አዛዥ በድምፁ ያመጣላት ነበር፤ ወጥ ሠሪውን፣ በየወደቡ የሚፈትሻቸውን ሹም። በምትሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቆማ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ሁሉ ትነግረው ነበር። አንዴ "ፀጉሬን ከተቆረጥኩ ሳምንት ሊሆነኝ ነው፤ ወንድምህ ግን አላየውም" አለችው።

"አይቶታል" አለ ድምፁ፣ ለአፍታ ቀልዱን ትቶ። "ያየውን መናገር ነው የሚያቅተው።"

ማታ ባሏ ጫማውን አራግፎ ገባና ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ። "ፀጉርሽ" አለ። ብዙ ከቆየ በኋላ "አንገትሽን አወጣው" ብሎ ጨመረ። ወንድማማቾቹ ተደዋውለው ነው ብላ አሰበች። ለዚያም ዋርሳዋን በልቧ አመሰገነች።

*

ሐኪሙ የፈሰሰበት ቡና ሱሪው ላይ ሳይደርቅ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት ገባና በሩን ገርበብ አደረገ።

"ቁጭ በይ።"

"እንዲሁ ንገረኝ።"

"መርከበኛው የለም። እናንተ ሳትጋቡ በፊት ነው የሞተው። ባሕር ላይ።"

"ባለፈው እሁድ አናግሬዋለሁ" አለች። የመድኃኒት ስም የተሳሳተ ደንበኛ እንደምታርመው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

"ያናገርሽው ባልሽን ነው።"

ክኒኑን ወደ ብልቃጡ መለሰች። ክዳኑ እምቢ አላት። ሐኪሙ ተቀብሎ ከደነው።

"መርዶው የመጣው ለሱ ነው። እናቱን ፊት ለፊት አይቶ መንገር አልቻለም፣ በስልክ ልንገራት ብሎ ደወለ። ገና ሳይናገር 'መርከበኛዬ ነህ?' አሉት። 'አዎ' አለ በወንድሙ ድምፅ። ለዚያች ቀን ብቻ ነበር ያሰበው። ከዚያ በኋላ ከስልኩ ውጭ ማንንም አስመስሎ አያውቅም፤ ከባድ ሆነበት። ያ የትንቢቱ ቀልድ ነው ወንድሜን የገደለው ይል ነበር። እኔን አስምሎኛል። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።"

ጠረጴዛው ላይ ትናንት ከቢሮው የመጣው ካርቶን ነበር። ኩባያው፣ ጃንጥላው፣ የጠረጴዛ ቬንቲሌተሩ። ካርቶኑን ያመጣው የሥራ ጓደኛው "ይኼ ጉደኛ እኮ በብርድ ወር እንኳ እሁድ ቢሮ ገብቶ ቬንቲሌተር ያበራ ነበር" ብሎ ሊያስቃት ሞክሮ ነበር። አሁን ቬንቲሌተሩን አየችው። ክንፎቹ ላይ አቧራ አለ። ነፋሱ ይኼ ነው። ባሕሩ ይኼ ነው።

ዓመታት ሙሉ ባሏን ለባሏ ስታማ ኖራለች።

"እኔን ለምን?" አለች። "እሳቸውን እሺ። እኔ ምን አድርጌው?"

"አንቺ መጀመሪያ ስልኩን ያነሳሽ ቀን ሊዘጋው ነበር። ደንግጦ የሆነ ቀልድ ተናገረና ሳቅሽ። በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። 'ሳቀች' አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ተቀምጦ 'ሳቀች' ብቻ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እንባ አልመጣም። የመጣው አንዳች ቅዝቃዜ ነበር፤ ሌላ ሰው ቤት በስህተት ገብታ የኖረች ያህል።

"ለእማዬ ነገ ምን እላቸዋለሁ? ሁለቱንም በአንድ ጊዜ? ልባቸው አይችልም፤ መድኃኒቱን የምሰጣቸው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

"አላውቅም፣ እህቴ" አለ ሐኪሙ። "እኔ የማውቀው ሰው ማስተኛት ነው።"

*

እሁድ እንግዶቹ ከምሳ በኋላ ሳሳ አሉ። የመጨረሻዋን ጎረቤት እስከ በር ሸኝታ ተመለሰች። አማቷ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰዓቱ ደርሷል። ስልኩ ዝም ብሏል።

ያዘጋጀችውን ውሸት ሌሊቱን ስትከልሰው ስላደረች አፏ ላይ ነበር።

"እማዬ፣ ጠዋት እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግዎት መርከበኛው ደውሎ…"

"አልተኛሁም።"

ቆመች።

"ነይ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ። መርከበኛዬ በሕይወት እያለ በዓመት አንዴ ከደወለልኝ ትልቅ ነገር ነው። በየሳምንቱ መደወል የጀመረው ከሞተ በኋላ ነው።"

ከእግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ያውቁ ነበር?"

"ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ ቀን አወቅኩ። ያኛው ልጄ ጉልበት እንዳለኝም አያውቅ።" ሳቅ የመሰለ ነገር ከደረታቸው ወጣና መሐል ላይ ተሰበረ። "እናንተ ሥራ ስትውሉ ብቻዬን አለቀስኩለት። ጨረስኩ።"

"ለምን ዝም አሉት ታዲያ?"

"አፉን ዘግቶ የቀረ ልጅ እሁድ እሁድ ሲከፍተው እኔ ልዝጋበት? ደግሞ ለኔ የሚደውል ይመስልሻል? 'ክኒንሽን ዋጥሽ? ጉልበትሽስ? በይ ለሷ ስጪያት።' ይኸው ነው የኔ ድርሻ።"

ስልኩን አየችው። ጥቁር፣ ዝም ያለ። የምትናገረውን ሳታውቅ "የራሱን ድምፅ ማንም ሳይሰማለት ይሞታል ተብሎበት ነበር" አለች። "እኔም አልሰማሁለትም፣ እማዬ። አብሬው እየኖርኩ።"

የአማቷ እጅ በዳበሳ ራሷን አገኘና እዚያው አረፈ።

"የመርከበኛውን ቀልድ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያስቀየመን እንጂ ያሳቀን ቀን የለም። አንቺን ሲያስቅ የነበረው ሌላ ነው። ታዲያ ያ የማን ድምፅ ነበር?"

ውጭ አንድ መኪና አለፈ። ስልኩ አሁንም አልጮኸም። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ ቬንቲሌተሩን ታቅፋ ነበር። ሽቦውን ሰካች፣ ስልኩ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ቁልፉን ተጫነች። ክንፎቹ አቧራቸውን እያራገፉ ዞሩ። ቤቱ ውስጥ ነፋስ ገባ፤ በየእሁዱ ከሽቦው ማዶ ሲያፏጭ የኖረው ነፋስ።

አማቷ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ። ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የስልኩን እጀታ አነሡና እንደ ወትሮው ወደ እሷ ያዙላት።

"እንቺ፣ አናግሪው።"

ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ መለስ አድርጋ ተቀበለቻቸው።