በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ ሰው

በበጋ መስኮቱን የዘጋ በላቡ ይታፈናል፤ የከፈተ ደግሞ ጎረቤቱን በሙሉ አልጋው ላይ ያስተኛል። ምላጭ የምትባለው ልጅ ምርጫ አልነበራትም። አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ከተማ ውስጥ እንዲገባ የሚፈቀድለት ከመሸ በኋላ ብቻ ነው። አባቷም ሌሊቱን ሲነዳ ያድርና ሰው ሁሉ ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ እሱ ፊቱን ታጥቦ ይተኛል። ግድግዳው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። ስለዚህ መስኮቱ ይከፈታል፣ እርጥብ አንሶላ ይጋረድበታል፣ ከዚያ ዓለም ሁሉ በአንሶላው ሥር ሾልኮ ይገባል፦ የትምህርት ፈረቃቸው ያልደረሰ ልጆች ብረት በሩ ላይ የሚለጉት ኳስ፣ ማዶ ያለው በያጅ የሚቆርጠው ብረት፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ሬዲዮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቅ ላይ የምትኖረው ሴትዮ የእንጨት ጫማ።

ምላጭ ብለው የሰየሟት የግቢው ሰዎች ናቸው። ሊሰድቧት ነበር፤ እሷ ግን ስሙን ወደደችው። በራቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ስልክ ትጠግናለች። ማንም አላስተማራትም፤ የተጣሉ ስልኮችን እየፈታች፣ እያቃጠለች፣ እንደገና እየፈታች ነው የለመደችው። «ዲፕሎማሽ የታለ?» ያላት አንድ ደንበኛ ነበር። «እጅህ ላይ እየጠራ ነው፤ አንሳው» አለችው።

እናቷ ገና በልጅነቷ ጥላቸው ስለሄደች ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ነው። አንዱ ይተኛል፤ አንዷ እንቅልፉን ትጠብቃለች።

በቅርቡ አባቷ መሪ ላይ አሸለበ። መኪናው አደባባዩ ላይ ወጥቶ የመብራት ምሰሶ ገጭቶ ቆመ። «ሰው አልነበረም» አለ ቤት ሲገባ። ሸሚዙን ሲያወልቅም «ሰው እንኳ አልነበረም» አለ። አለቃው፣ ይኸው ከተደገመ ቁልፉን አስረክበህ ትሄዳለህ ብሎታል። ምላጭን ያስፈራት ግን ቁልፉ አልነበረም። የሚቀጥለው ምሰሶ፣ ምሰሶ ባይሆንስ?

እናም ጦርነት አወጀች። መጀመሪያ የዘመተችው ወደ ላይ ነበር።

«እትዬ!»

ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ብቅ አለች። «ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«ፈረስ ገዝተው እንደሆነ እንኳን ደስ ያለዎት ልል ነው።»

«በገዛ ቤቴ ልንሳፈፍልሽ?»

«ጫማውን ያውልቁት። ሰው ተኝቷል።»

«በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ ሬሳ ነው!»

«እርስዎ ሲራመዱማ ሬሳውም ተነሳ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋም ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮቴ ተባለች። በንዴት ይሁን በእልህ፣ እርምጃዋ ጭራሽ ከበደ።

ቀጥሎ በያጁ ነበር። «ወንድሜ፣ ያንን መቁረጫ ትንሽ ብታሳርፈው።»

«ብረት በጣት አይቆረጥም፣ እታለም።»

«በምላስህ ሞክረው። ሴት ስታይ የማትቆርጠው የለም።»

በያጁ ሳቀ፤ ሥራውን ግን አላቆመም። እንዲያውም ከዚያ ወዲያ እሷን ሲያይ ሆን ብሎ የሚያስነሳው ይመስላት ነበር፤ የምትመልስለትን ለመስማት። ልጆቹን ኳሳቸውን ቀማቻቸው። እናቶቻቸው ወጡ፤ ከእናቶቻቸው ጋር ሌላ ዙር። ከእያንዳንዱ ድል በኋላ ላቧን እየጠረገች ስትገባ አባቷን ታገኘዋለች፤ በጀርባው ተኝቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጣራውን እያየ።

«አልተኛህም?»

«ኧረ ተኝቼ ነበር።»

ይህን ስትሰማ ይብስባታል፤ ተመልሳ ትወጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ጭራሽ እምቢ ሲለው፣ ፀጉሬን ልስተካከል ብሎ ወጣ። እሱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የሥራ ባልደረባው ድምፅ የማያሰማ ስልክ ይዞ መጣ። ይኼን ሽማግሌ ሹፌር ሁሉም ፍሬን ይሉታል፤ በሕይወቱ ማንንም ቀድሞ አያውቅም።

«ጋሼ ፍሬን፣ ከዚህ ግቢ እንቅልፍ ለማግኘት የጎረቤቱን ግማሽ መቅበር ነው» አለች የስልኩን ጀርባ እየከፈተች።

«እንቅልፍ ያጣው ማነው?»

«አባቴ ነዋ።»

«ያ ሰውዬ?» ፍሬን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ድንጋይ መፍጫው ጋ ጭነት እስኪደርሰው መኪናው ሥር ገብቶ ሲያንኮራፋ፣ እኛ እኮ የመፍጫው ጥርስ ተሰበረ ብለን ባለሙያ ልንጠራ ነበር!»

ወረንጦዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። «መፍጫው እየሠራ?»

«እየሠራ ነዋ! መሬቱ እየተንቀጠቀጠ! እሱን እሹሩሩ ነው የሚለው።»

«ታዲያ እዚህ ሲመጣ ምን ይነካዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚያ የሌለ፣ እዚህ ያለ ነገር ይኖራል።» ፍሬን አያት፤ ቶሎ ብሎ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ስልኩን አየ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አይደል የሚባለው?»

ስልኩን ጠግና ሸኘችው። አባቷ አጭር ፀጉር ይዞ ተመለሰ፤ ፊቱ ጭራሽ ከስቶ ታያት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለሥራ ጫማውን ማሰር ሲጀምር ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ድንጋይ መፍጫ ሥር ትተኛለህ አሉ።»

«ፍሬን ነው? እግሩ እንጂ አፉ ፍሬን የለውም።»

«መልስልኝ።»

የጫማውን ክር ፈታና እንደገና አሰረው። «ጩኸትማ ምን ያደርገኛል? ሴትዮዋም ትርገጥ፣ ብረቱም ይቆረጥ። እንደ ዝናብ ነው፤ እሱ ይዘንባል፣ እኔ እተኛለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያንቺ ድምፅ ሲመጣ ነው…»

«እኔ እኮ የምጮኸው ላንተ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት። እኔም የምነቃው ላንቺ ብዬ ነው።» ቀና ብሎ አላያትም። «አንቺ ትናገሪያለሽ። ከዚያ የሚመልስልሽን እሰማለሁ። ከዚያ ደግሞ እጁን የሚያነሳብሽ ይኖር ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ ጆሮዬ እንዲህ ሆኗል። እግሬ ጫማ ፍለጋ ከአልጋ ይወርዳል፤ አንቺ ስትገቢ ይመለሳል። እንቅልፉ ግን አይመለስም።»

«እኔን ማን ይነካኛል!»

«እሱንም አውቃለሁ። እግሬ ነው የማያውቀው።»

የተቆጣት አይመስልም፤ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርጎ ወጣ። ብቻዋን ስትቀር ያንገበገባት ይኸው ነበር። ቢቆጣት ኖሮ የምትለው አይጠፋትም። እንቅልፉን እጠብቃለሁ ስትል ለካ ሌባዋ ራሷ ኖራለች፤ ሌባዋም በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ወረንጦ ይዛ፣ በግቢው ሳቅ እየሞቃት።

በማግስቱ ቀኑ እሳት ሆነ። አባቷ ዓይኑ ደም መስሎ ገባ። «ዛሬ ማታ የቁልቁለቱን መንገድ ሰጥተውኛል» ብሏት ጋደም አለ። ያንን መንገድ እንቅልፍ የጠገበ ሹፌር እንኳ ይፈራዋል።

ምላጭ ጠረጴዛዋን ዘረጋች። ኳሱ ብረት በሩን ጓ አደረገው፤ ዝም አለች። በያጁ መቁረጫውን አስነስቶ አሻቅቦ አያት፤ አንገቷን ቀና አላደረገችም። ኮቴ ከጓዳ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ጓዳ ቋ ቋ ቋ አለች። ምላጭ ብሎን መፍታቷን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ የአባቷ ማንኮራፋት መጣ፤ ወፍራም፣ የማይቸኩል። በዚህ በጋ እቤት ውስጥ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው።

ኮቴ ያልጨመቀችውን ብርድ ልብስ በረንዳው ላይ ያሰጣችው ይኼኔ ነበር። ውሃው ተንዠቅዥቆ ተከፍቶ የተቀመጠ የደንበኛ ስልክ ላይ ወረደ።

ምላጭ ብድግ አለች። «እትዬ» አለች በለሆሳስ። «ውሃው።»

ኮቴ በረንዳው ላይ ተደገፈች። ይህቺን ሰዓት ስትጠብቅ ከርማለች። «ዛሬ ድምፅሽ የት ገባ? ምነው፣ ውሃ ነካሽና ዛግሽ እንዴ?»

ግቢው ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ የኮቴ ሆነ፤ ሳቅ ደግሞ ያሰክራል። ምላጭ ተመልሳ ስትቀመጥ ሴትዮዋ ጭራሽ ደፈረች።

«እናትሽም ወዳ አይደለም የሄደችው! ያንን ምላስ ሸሽታ ነው!»

ከልጆቹ አንዱ ኳሱን በእግሩ ረግጦ አቆመ። በያጁ መልሷን ሊሰማ መቁረጫውን አጠፋ። ሬዲዮው እንኳ ተዘጋ። ግቢው በጋው ከገባ ወዲህ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ማንኮራፋቱ ቆመ።

ምላጭ በተከፈተው በር አየች። የአባቷ እግር ከአልጋው ወርዶ፣ በጣቶቹ ወለሉን እየዳሰሰ፣ ነጠላ ጫማውን ይፈልጋል።

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ስለ ኮቴ ባል ነው፤ ግቢው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ ተናግሮት የማያውቀው። አጭር ነው። አንዴ ከተባለ ሴትዮዋ ሁለተኛ በረንዳ ላይ አትቆምም።

ወረንጦዋን በጥርሷ መሃል አስገብታ ነከሰች። ጥጥ አነሳችና ከስልኩ ሆድ ውሃውን ማስመጠጥ ጀመረች።

«አትመልሺላትም?» አለ በያጁ፤ የሚለምን ይመስላል።

በእጇ ምልክት ሰጠችው፦ ሥራህን ሥራ። ትከሻውን ነቀነቀና መቁረጫውን አስነሳ፤ ብረቱ ጮኸ። ኮቴ ትንሽ ጠበቀች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ከዚያ ቋ ቋ እያለች ገባች። ኳሱም በሩን መታው።

እግሩ የነጠላ ጫማውን ጠርዝ በጣቱ እንደነካ ቆየ። ምላጭ ጥጡን እንደያዘች አየችው። በመጨረሻ ተረከዙ ተነሳ፣ ቀስ እያለም መላ እግሩ አልጋው ላይ ተመልሶ ወጣ።

ስልኩ አልበራም። ወረንጦውን ከጥርሷ መሃል ስታወጣው ጫፉ ተጣሞ ነበር።