የፀሐዬ ግራ ዓይን

መብራት በፈረቃ በሆነበት በ2001 ዓ.ም. ባርኮት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በከፈተችው ፎቶ ቤት ስትባክን ነበር የምትውለው። መብራት በመጣ ቀን የሁለት ቀን ሥራ መጨረስ ነበረባት።

ከሁሉ የሚያስቸግሯት ሕፃናት ነበሩ። ሕፃኑ ተረጋጋ ሲባል ይወራጫል፤ ካሜራው ዓይኑን ትቶ ቆቡን ያጠራል፤ ፊቱ ጉም የጋረደው ይመስላል። ሰፈሩ ግን ባርኮትን የሚያውቃት በዚሁ ነበር። የደበዘዘ ፎቶ ታጠራለች። ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሳ ሽፋሽፍቱን፣ የከንፈሩን ጠርዝ፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ለስላሳ ፀጉር እያጎላች፣ ጉንጩ እንደ አሸዋ እንዳይሻክር እየተጠነቀቀች፣ እናት አይታ “ልጄ!” የምትለው ፊት ታወጣለች።

በኅዳር አንድ ቀን ፈትለወርቅ የምትባል ሴት የሰባት ወር ልጇን ፀሐዬን አዝላ ከእንጦጦ ወረደች። የስቱዲዮው መብራት ተቃጥሎ ስለነበር ባርኮት በካሜራው ፍላሽ ስድስት ጊዜ አነሳችው። ስድስቱም ትንሽ ትንሽ ደብዝዘው ወጡ። የሚሻለውን መርጣ ማጥራት ጀመረች። ፊቱ እየጎላ ሲመጣ በግራ ዓይኑ መሐል የወተት ጠብታ የመሰለ ነጭ ነገር ታየ። “ፍላሹ ነው” አለች ለራሷ። የቀኙን ዓይን የፍላሽ ቅላት አጥቁራ፣ ያንኑ ገልብጣ ደረበችበት። አምስት ደቂቃም አልፈጀባት።

ፈትለወርቅ ፎቶውን ልትወስድ ስትመጣ ወደ ፊቷ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ዓይኑ ደህና ነው፣ አይደል?” አለች።

ባርኮት ስለ ሥራዋ የተጠየቀች መሰላት። “ምን ይወጣለታል! ኮከብ ነው።”

ሴትየዋ በረጅሙ ተነፈሰችና ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ የሚሠሩት ሲስተር ዘውድነሽ ጉርድ ፎቶ ሊያሳትሙ መጡ። ባርኮት የእሳቸውን ስትፈልግ ያልተነካው የፀሐዬ ፎቶ ተከፈተ።

“ቆይ፣ እዚያ ላይ ቁሚ” አሉ ሲስተር። መነጽራቸውን አደረጉ። “ይሄ ልጅ የማን ነው?”

“የደንበኛ ልጅ ነው። ዓይኑ ላይ ያለው የፍላሽ ነጸብራቅ ነው፤ አጥፍቼዋለሁ።”

“ሌሎቹን አሳዪኝ።”

ስድስቱንም ከፈተች። በአምስቱ ቀኙ ዓይን ቀላ ያለ፣ ግራው ነጭ ነው፤ በስድስተኛው ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል።

“ጤነኛ ዓይን በፍላሽ ቀላ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ነጩ ዕጢ ሊሆን ይችላል” አሉ ሲስተር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ላይሆንም ይችላል። ግን ዛሬ ነገ የሚባልበት ነገር አይደለም። እናቱን ፈልጊያት።”

ባርኮት መቀመጥ አቃታት። ስልክ የለም፤ መዝገቡ ላይ ያለው “ፈትለወርቅ፣ ከኪዳነ ምሕረት በላይ” የሚል ብቻ ነው። ያልተነካውን ፎቶ አትማ፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን ይቅርታ እንኳ ሳትል ሱቋን ዘግታ ወጣች።

ዳገቱን እየሮጠች ጀመረችው፤ ትንፋሽ ሲያጥራት እየተራመደች ቀጠለች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አንድ በአንድ አስቆመች። ሁለት ጊዜ ልትመለስ ዞራ ነበር፤ ምንም ባይሆንስ? ሰው አስደንግጬ ብቀርስ? ከዚያ “ዓይኑ ደህና ነው፣ አይደል?” የሚለው ድምፅ ይመጣባትና እንደገና ትወጣለች። ሴትየዋ የጠየቀቻት ስለ ፎቶ እንዳልነበረ አሁን ገባት።

ቤቱን ስታገኘው የልጁ አባት ልደቱ ከድንች ማሳው ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነበር። የመጣችበትን ስትነግረው ሳቀ።

“ዓይኑ ምን ሆነና? ይኸው!” አለ፣ በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ እያሳየ።

“አላልኩህም?” አለች ፈትለወርቅ። “አመሻሽ ላይ እንደ ድመት ዓይን ያበራል አላልኩህም? ፎቶው ላይ ስናጣው እኮ ነው የተውነው!”

“ፎቶው ላይ ያጣችሁት እኔ ስለቀባሁት ነው፣ ጋሼ” አለች ባርኮት። ይዛው የመጣችውን ዘረጋችለት።

ልደቱ የግድግዳውን አወረደና ሁለቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ ደብዛዛ። ደጋግሞ አያቸው።

“ማን አዘዘሽ?”

“ማንም።”

ልደቱ ፎቶዎቹን አስቀምጦ ጫማውን አጠለቀ። ፈትለወርቅ ልጁን አዝላ አንቀልባውን እያጠበቀች ነበር። ሦስቱም ተያይዘው ወረዱ።

ዕጢ ነበር። የፀሐዬ ግራ ዓይን በዚያው ሳምንት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወጣ። ሐኪሙ ሕመሙ ከዓይኑ እንዳላለፈ፣ ቀኙም ንጹሕ እንደሆነ ነገራቸው፤ በየጊዜው እየመጣ መታየት ግን አለበት።

“ከሦስት ሳምንት በፊት ብናመጣው ኖሮ ዓይኑ ይተርፍ ነበር?” አለ ልደቱ።

“አይመስለኝም” አለ ሐኪሙ። “በእርግጠኝነት ግን ልነግርዎ አልችልም።”

ይቺ “አይመስለኝም” ባርኮትን እንቅልፍ ነሳቻት። ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ በድንገት ትነሳለች፤ በር ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ያጠራቻቸውን ሕፃናት ሁሉ እየከፈተች ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፤ የብዙዎቹ ግን የቀድሞው ፎቶ ጠፍቶ የእሷ የእጅ ሥራ ብቻ ነው የቀረው። መልካቸው ያማረ ነው፤ ምንም አይነግሯትም።

ለምርመራ በሄዱ ቁጥር አብራቸው ትሄድ ጀመር። ልደቱ አይከለክላትም፤ አያናግራትምም። ሰኔ ላይ፣ ፈትለወርቅ ልጁን ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሉ እንደገባች፣ ባርኮት ኮሪደሩን ስትመላለስበት ልደቱ ሲያያት ቆይቶ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለላት።

“ኧረ ቁጭ በይ፤ አዞርሽኝ እኮ” አለ።

ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ የምርመራ ክፍሉ በር ሲከፈት ሁለቱም እኩል ብድግ አሉ።